ያልተጠየቀ ክንድ

ዶን አንሴልሞ የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪዎችን ማሰልጠን ከጀመሩ ወዲህ እንደ ራሚሮ ያለ ክንድ አላዩም። የቡድኑ አለቃ ፋቢዮ ግን አልተዋጠለትም። «ልጁ ፈጣን ነው፣ ትንፋሽ ግን የለውም። መጨረሻ ላይ ገብቶ ጥቂት ኳስ ይወርውር፤ ጨዋታ ጀምሮ ሰባት ዙር የሚዘልቅ ሰው አይደለም» ይላል። ሲጨቃጨቁ ከርመው ተስማሙ፤ እሁድ ራሚሮ ይጀምር፣ ፍርዱን አንሴልሞ ይስጡ።

ራሚሮ ሜዳ ሊገባ ሲል «አደራ ዶን አንሴልሞ፣ ቶሎ እንዳያስወጡኝ» አለ።

«ከለገምክ ጆሮህን ይዤ ነው የማስወጣህ!»

እስከ አምስተኛው ዙር አንድም መቺ ኳሷን በዱላው በወጉ አላገኛትም። ያኔ የተጫዋቾቹ ወንበር ጸጥ አለ። እኛ ዘንድ እንዲህ የሰመረለትን ወርዋሪ የሚያናግር የለም፤ ያናገረው ሰው ዕድሉን ይሰብርበታል። ሞኝነት በሉት፣ እኔም እንዲሁ ነው የምለው፤ ግን እኔም ብሆን አላናግረውም ነበር። ለፍላፊው ኳስ ቀላቢ ሲፕሪያኖ እንኳ ውሃውን አጠገቡ አስቀምጦ ፊቱን አዞረ።

በስድስተኛው ዙር አንሴልሞ የልጁ ክርን ዝቅ ማለቱን አዩ። ራሚሮ ተመልሶ ጥጉ ላይ ሲቀመጥ ጣቶቹን እያፍታታ ትክ ብሎ አያቸው። ክንድህ እንዴት ነው ማለት ሥራቸው ነበር። ጥያቄው አፋቸው ድረስ መጣ፤ መልሰው ዋጡት። ፋቢዮ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ፣ «አሸነፍከኝ፣ አንተ ሽማግሌ! ይሄ ልጅ ጨዋታ ጀምሮ የሚዘልቅ ነው» አላቸው። አንሴልሞ በደስታ የሚሆኑትን አጡ።

በሰባተኛው ዙር ኳሷ ከመቺው አናት በላይ አልፋ አጥሩን መታች። ራሚሮ ጮኾ ክርኑን እንዳቀፈ ተንበረከከ።

አንሴልሞ ሮጠው ደረሱ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመህ?»

«ከአምስተኛው ዙር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ፣ ልጄ?»

«እንዲጠይቁኝ እየጠበቅኩ ነበር።»

የቡድኑ ሐኪም ክርኑን ዳሰስ አድርጎ አንሴልሞን አያቸውና አይሆንም በሚል ራሱን ነቀነቀ። ደግፈው ሲያወጡት ጓደኞቹ ሁሉ ባንዴ ተነሥተው ያናግሩት ጀመር፤ አይዞህ ይሉታል፣ ጀግና ይሉታል። ዝም ብለውት የቆዩት እነሱው ናቸው።

ራሚሮ አንሴልሞን ብቻ ነበር የሚያየው። «ፍርዱስ? ጨዋታ ጀምሬ መዝለቅ እችላለሁ?»

«ትችላለህ» አሉት፤ ከልባቸው ነበር። የጫማው ክር ተፈትቶ ነበር፤ ራሚሮ ሊያስር ጎንበስ ቢል ቀኝ እጁ እምቢ አለው። አንሴልሞ እግሩ ሥር ተንበርክከው አሰሩለት፤ አስረው ከጨረሱም በኋላ ቀና ማለት አቃታቸው።