በሩ ላይ የተለኮሰው ጋዜጣ

ዱየን በእትዬ ሳው ከተቀየመች ሰባት ዓመት ሆናት። ቂሟ አንድ ቀን እንኳ በርዶላት አያውቅም።

እትዬ ሳው ካናዳ፣ ዊኒፔግ ከተማ፣ ሳርጀንት ጎዳና ላይ፣ ስምንት ጠረጴዛ ባላት ጠባብ ቤት ፎ የሚባለውን የቬትናም የኑድል ሾርባ ይሸጣሉ። ዱየን ከቬትናም መጥታ ጃኬት መስፊያው ፋብሪካ ከገባች ጀምሮ ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሾርባዋን የምትጠጣው እዚያ ነበር። ማሞቂያው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ሌላ ሰው ከተቀመጠ እትዬ ሳው፣ "ተነስ በል፣ ባለወንበሯ መጣች" ይሉላት ነበር።

አንድ የጥር ቅዳሜ ጠዋት ዱየን ከሁሉም ቀድማ ገባች። ገና ከመቀመጧ ስልኳ ጮኸ። ልጇ በረዶ አዳልጧት ክንዷ ተሰብሯል። ሳትበላ ብድግ ብላ ወጣች። መንገዱን ሳትሻገር ጓንቷን መርሳቷ ትዝ አላትና ተመለሰች። እትዬ ሳው የተለኮሰ ጋዜጣ ይዘው፣ እሷ የተቀመጠችበትን ወንበርና የወጣችበትን በር በጭስ እያጠኑ፣ "ሂድ፣ እግረ ደረቅ! ውጣ!" ይላሉ።

ዱየን ነገሩ አልጠፋትም። በአገራቸው ልማድ የዕለቱ የመጀመሪያ ገዢ ሳይገዛ ከወጣ ገበያው ይከሽፋል፤ ክፉ እግሩ በእሳት ይባረራል። እናቷም ዓሣ ስትሸጥ ታደርገው ነበር። ግን ለአላፊ አግዳሚው እንጂ ለሃያ ዓመት ወዳጅ እሳት ይለኮሳል? ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ዱየን ጓንቷን አንስታ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ደጃፉን አልረገጠችም።

አለመርገጥ ሌላ፣ መርሳት ሌላ። አውቶቡሷ የሚቆመው እዚያው ፊት ለፊት ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር የተለበለበው ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ቀረፋው፣ ሲንተከተክ ያደረው አጥንት ሽታው መንገዱን ተሻግሮ ይመጣባታል። ሻርፏን ወደ አፍንጫዋ ትስበዋለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ዝቅ ታደርገዋለች።

ባሏ ቪን ተደብቆ ይሄዳል።

"የት ነበርክ?"

"ጎማ ላስነፋ።"

"ጎማ በሶብላ በሶብላ ይሸታል?"

ጮኻበት ታበቃና፣ እሱ ገላውን ሊታጠብ ሲገባ ኮቱን ከመስቀያው አውርዳ ፊቷን ትቀብርበታለች። ቤት ውስጥም ሞክራዋለች፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ አጥንት ቀቅላ አቀረበችለት።

"ምን ይጎድለዋል?"

"ምንም። ጥሩ ነው።" ማንኪያውን አስቀመጠ። "ብቻ የእሳቸው አይደለም።"

ባለፈው ረቡዕ ቪን ጫማውን እያወለቀ፣ "እትዬ ሳው ሊዘጉ ነው" አላት። "ጉልበታቸው እምቢ አለ። ልጆቻቸው እንደሆኑ ቶሮንቶ ናቸው፣ ድስት አይነኩም። የፊታችን ቅዳሜ የመጨረሻቸው ነው።"

"ይዝጉ።"

"እሺ።"

"እኔ ምን አገባኝ?"

"ምን አልኩሽ?"

በማግስቱ ፋብሪካ ውስጥ የግራውን እጅጌ በቀኝ በኩል ሰፋችው። በሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ ያለ ስህተት ሠርታ አታውቅም። ፈትታ ሰፋችውና አሁንም በቀኝ ገባ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ሆኖ ሳለ፣ በሩ ላይ ተገትራ ጠበቀች። እትዬ ሳው በከዘራ እየተደገፉ መጡ። አዩዋትና ቁልፉን እንደያዙ ቆሙ።

"ማነሽ?"

"እግረ ደረቋ ነኝ።"

"ዞር በይ፣ ቁልፉን ላስገባ።"

"የዛሬ የመጀመሪያዋ ገዢ እኔ ነኝ። ገበያዎን ባከሽፈው ከእንግዲህ ነገ የለዎት፣ ምን ይሆናሉ?"

"በዚህ ብርድ እንኳ ምላስሽ አልደረቀም?"

ገቡ። እትዬ ሳው መብራት እያበሩ፣ "ያን ዕለት ስንት ሰው ገባ መሰለሽ? አራት!" አሉ።

"ብርዱ አርባ ነበራ! ማን ከቤቱ ይውጣ?" ዱየን ሻርፏን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። "ልጄ ክንዷ ተሰብሮ ነበር፣ እትዬ። ምን ሆንሽ ቢሉኝ ምን ነበረበት?"

እትዬ ሳው ማብሪያው ላይ እጃቸውን እንዳደረጉ ቀሩ። "በሳምንቱ ነው ከቪን የሰማሁት።"

"ታዲያ ለምን አልደወሉም?"

"ታላቅሽ ነኝ እኮ! ታላቅ ነው የሚደውለው?"

"ሰባት ዓመት?"

"አንቺስ? ደጄ ላይ አውቶቡስ ስትጠብቂ በየቀኑ በመስኮት አይሽ አልነበር? አንድ ቀን ቀና ብለሽ ብታዪ አንገትሽ ይቀነጠስ ነበር?"

መልስ ሳይጠብቁ እያነከሱ ወደ ወጥ ቤቱ ገቡ።

ጎድጓዳው ሳህን እንፋሎቱን እየተፋ መጣ። ዱየን በሁለት እጇ ያዘችውና ሎሚ እንኳ ሳትጨምቅበት ፉት አለችው። ያው ነው። አንዲት ነገር አልተለወጠም። ተለውጦ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ቢያንስ ያለፉት ቅዳሜዎች ይህን ያህል ባልቆጯት። ጎንበስ ብላ በላች። ሁለተኛ አስጨመረች፤ ሦስተኛም።

በዚህ መሀል ወሬውን የሰማ ሁሉ መጥቶ ቤቱ ጢም አለ። እትዬ ሳው ትሪ ተሸክመው አንድ እርምጃ ሄደው ግድግዳ ያዙ። ዱየን ተነስታ ትሪውን ቀማቻቸው።

"ቁጭ ይበሉ። ጉልበትዎ ሲንቋቋ እስከዚህ ይሰማል።"

"ደንበኛ ነሽ፣ አርፈሽ ብዪ!"

"በልቻለሁ።"

ድስቱ እስኪነጥፍ ድረስ ሳህን ስታመላልስ ዋለች።