ሦስት ገጽ እስከ ቀይ ባሕር

ሌሊሳ ኩዌት፣ ሹዌኽ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሞተር ብስክሌት ይጠግናል። የጋራዡ ደንበኞች የሆኑ ኩዌታውያን ሳዑዲን አቋርጠው፣ የአሲርን ተራሮች አልፈው ቀይ ባሕር ድረስ ሊሄዱ ሲነሡ፣ “መካኒካችንን ትተን አንሄድም” ብለው ቪዛ አወጡለት፤ ሞተርም ሰጡት። ስድስት ዓመት ሙሉ ተራራ ያላየ የወለጋ ልጅ ነው። ዜናውን ሊነግረኝ የመጣ ዕለት ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ ነበር የወጣው።

ደረጃው ዓርብ ዓርብ ለጸሎት የምንሰበሰብበት ቤት ደረጃ ነው። እዚያው ቆመን፣ “ስመለስ ሽማግሌ ልላክ?” አለኝ። “አሁን አትመልሺልኝ። አስቢበት።”

እኔ አፍ የለኝም። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የቡድን ሥራ ሲሰጠን ጽሑፉን እኔ እጽፋለሁ፣ ሌሎቹ ያቀርባሉ። ለሌሊሳም ጻፍኩለት፤ አራት ጊዜ ገልብጬ፣ ሦስት ገጽ። መጨረሻው ላይ፣ “ባሕሩ ጋ ስትደርስ አንድ ቃል ላክልኝ። ካልላክህ ሐሳብህን እንደ ቀየርክ ቆጥሬ ዝም እላለሁ” አልኩት። ከሥሩ መልሴን ብቻዋን አቆምኳት።

ከመነሣቱ በፊት ደብዳቤውን ያደረሰችልኝ እህት አዳነች ናት፤ ከሁላችን ቀድማ ኩዌት የመጣች፣ የኅብረታችን ታላቅ። “በዚህ በስልክ ዘመን!” እያለች ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሌሊሳ ከመንገድ በየቀኑ ድምፁን ይልክልኛል። “ጽጌ፣ ማደያ ውስጥ ግመል ገብታ አልወጣ ብላናለች!” ሌላ ቀን፦ “ጥድ አየሁ! የእኛው ጥድ! ዝንጀሮም አለ፣ አንዱ የሱልጣንን ጓንት ነጥቆት ሮጠ።” ሱልጣን የጉዞው መሪ ነው። ስለ ደብዳቤው ግን አንድም ነገር የለም። አምስት ቀን አለፈ።

“ጥዱን ሊያገባ ነው እንዴ?” አለች አዳነች ደውዬ ስነግራት። ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን ሳቁ አልቆየልኝም።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት በምሠራበት ቤት ለምሳ ሩዝ እያጠብኩ ሳለሁ ደወለ።

“ተራራው ጫፍ ላይ ነን። ጉም ነው፣ እስኪገለጥ ቆመናል። ከዚህ በኋላ ቁልቁለት ብቻ ነው። ከሰዓት ባሕሩ ጋ ነን።”

“በርቱ” አልኩ።

“አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትስቂብኝ።”

“አልስቅም።”

“ደብዳቤሽን አላነበብኩትም። ፊደል አልችልም፣ ጽጌ። የተማርኩት በቁቤ ነው፣ በኦሮምኛ። አማርኛውን አዲስ አበባ፣ ጋራዥ ውስጥ በጆሮዬ ነው የለቀምኩት።”

ቧንቧውን ዘጋሁ። ዓርብ ዓርብ ተራው ደርሶ ጥቅስ እንዲያነብ ሲጠየቅ መጽሐፉን ፈገግ ብሎ አጠገቡ ለተቀመጠው ያሳልፍ ነበር። እንደ እኔ ዓይን አፋር ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የወደድኩት በዚያ ነው።

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ሦስት ገጽ ለጻፈ ሰው ምን ተብሎ ይነገራል? አብሃ ከተማ ላይ ቃሲም የሚባል የወሎ ልጅ ላንብብልህ አለኝ። እምቢ አልኩ። ያንቺን ነገር ከሌላ ሰው አፍ አልሰማም። አንቺው ንገሪኝ።”

“ወረቀቱ አንተ ጋ ነው።”

“አራት ጊዜ ገልብጠሽዋል፤ በቃልሽ ታውቂዋለሽ። አዳነች ነግራኛለች።”

ፊቴን ወደ ፍሪጁ አዙሬ ጀመርኩ። ድምፄ መጀመሪያ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ሲስቅ ጥርሱን በእጁ እንደሚሸፍን፣ ግሪስ ያልለቀቀው ጥፍሩ ያን ጊዜ ብቻ እንደሚታየኝ ነገርኩት። ስፈራ ዝም እንደምል፣ ዝምታዬን ኩራት ነው ብሎ እንዳይተረጉምብኝም ነገርኩት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ አሠሪዬ ማዳም በሩ ላይ ቆማለች። ለእሷ ብዬ የማላቋርጠው ነገር አልነበረም እስከዚያ ቀን፤ ያን ቀን ግን አላቋረጥኩም። የባሕሩን ነገር ነገርኩት።

“ከሥሩ ደግሞ...”

“ምን ይላል?”

“እሺ።”

“ድገሚያት።”

“እሺ።”

“ሱልጣን!” ብሎ ሲጮህ፣ ከኋላው የሞተር ጥሩንባ ሲነፋ ሰማሁ። ተመልሶ፣ “የት ነች ያለችው?” አለኝ።

“ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች፣ ብቻዋን። ቀስ ብለህ ውረድ።”

ማዳም በዓረብኛ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። “የማገባው ሰው” አልኳት፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብዬ። ትንሽ አየችኝ። “መብሩክ” ብላ ደስታዋን ገለጸችልኝና ሻይዋን ራሷ ቀድታ ወጣች።

ስልኬን ከሩዙ ድስት አጠገብ አስቀምጬ ዋልኩ። ምሳ ተበላ፣ ሳህን ታጠበ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፎቶ መጣ፦ እርጥብ አሸዋ ላይ በጣት የተጻፉ ሁለት ፊደላት። የእኔን ወረቀት እያየ ነው የገለበጣቸው። የ“ሺ” እግር ዞሮ በግራ በኩል ገብቷል። ቀጥሎ ድምፁ መጣ፣ ከማዕበሉ ጋር እየተጋፋ። “አንድ ቃል ብለሽ የለ? ልክ ናት?”

ልጽፍለት ጀመርኩና ተውኩት። የድምፁን ምልክት ተጭኜ ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

“እግሯን አዙረህባታል” አልኩት። “ና፣ አስተምርሃለሁ።”