በር ላይ የቆመችው ዝሆን

ጎጃም፣ አምበር ከተማ ላይ ወይፈን ያለው ሰው ሁሉ ቢያዝንን ያውቀዋል። ቀንበር ሲያይ የሚተኛው፣ ሞፈር የሚሰብረው፣ ሰው የሚወጋው እልኸኛ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል፤ በሁለት ሳምንት የታረመ በሬ ሆኖ ይመለሳል። በሙያው የሚያማው የለም። የሚታማው በወሬው ነው። «ሩሲያ ሳለሁ አንበሳ ዝሆን ላይ አስቀምጬ አዞር ነበር» ሲል፣ «እሱስ ይሁን፣ ዝሆኑን ምን ላይ አስቀመጥኸው?» ይሉታል። እሱም አብሮ ይስቃል። ፎቶግራፉን ግን ከሣጥን አውጥቶ አያሳይም። ያየ ሰው ያምናል፣ ያመነ ሰው ደግሞ «ታዲያ ለምን ትተሃቸው መጣህ?» ማለቱ አይቀርም።

ነገሩ እውነት ነው። በሰባ ስምንት ዓ.ም. ለእንስሳት ሕክምና ትምህርት ሩሲያ ተልኮ፣ ሲጨርስ አንድ ተጓዥ ሰርከስ ውስጥ ሐኪም ሆኖ ገባ፣ ገሪ ሆኖ ቀረ። ሰርከሱ አንዲት ኮረዳ ዝሆንና አንድ የአንበሳ ደቦል ነበሩት። አንዱ የሌላውን ሽታ ሲሰማ አገር ይቀወጣል። በጅራፍም በሥጋም ተሞክሮ አልሆነም። ቢያዝን ግን የአባቱ ብልሃት ነበረው። ጎጃም ውስጥ ወይፈን የሚገራው ከሸመገለ በሬ ጋር ተጠምዶ ነው፤ ጅራፍ ያላስተማረውን ጎረቤቱ ያስተምረዋል። ስለዚህ ደቦሉ የተኛበትን ገለባ እየወሰደ ከዝሆኗ እግር ሥር ጎዘጎዘ፤ የእሷን ድርቆሽ ከደቦሉ ዘንድ አስገባ። ሁለት ወር ሙሉ ሌላ ነገር አልሠራም፤ ፈረንጆቹ «ይሄ ሰው ደመወዝ የሚበላው በገለባ ነው» እያሉ ሳቁበት። ከዚያ የሽቦ አጥር መሐላቸው አድርጎ ጎን ለጎን አስኬዳቸው። በስድስተኛው ወር አጥሩን አነሣው። በዓመቱ አንበሳው ወፍራም ምንጣፍ በለበሰው ጀርባዋ ላይ ዘሎ ይወጣ ጀመር።

አንበሳውን በአባቱ በሬ ስም ዳማ አለው። ዝሆኗን ግን የበሬ ስም አልሰጣትም፤ እሜቴ አላት።

ትርኢቱ ሲያልቅ እሜቴ ዳማን እንደ ተሸከመች መሐል ሜዳ ላይ ትቆማለች። ቢያዝን ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ «በቃሽ እሜቴ፣ ግቢ» እስኪላት ድረስ መድፍ ቢተኮስ አትነቃነቅም። ከተባለች በኋላ ደግሞ ቀጥ ብላ ወደ በሩ ነው፤ ዞራ አታይም። እንዳትዞር ያስተማራት እሱ ነው፤ ድንገት ብትዞር ዳማ ይወድቃል፣ የወደቀ አንበሳ ደግሞ ይቅርታ አያውቅም።

በዘጠና ሰባት፣ ልምምድ ላይ ሳሉ፣ ከአገር ቤት ስልክ መጣ። አባቱ አርፎ ነበር። ባልደረባው ጋሊና ዳማን በሥጋ አታልላ ከዝሆኗ ጀርባ አወረደችው፤ ቢያዝን እያለቀሰ ሻንጣውን ሊሸክፍ ሮጠ። ለእሜቴ አንዲት ቃል አላላትም። ለአርባው ደርሶ ሊመለስ የመጣው ሰው፣ ያባቱን ማሳ የሚይዝ ጠፍቶ ሲዘገይ የመኖሪያ ፈቃዱ ጊዜ አለፈ፣ ሰርከሱም ተሸጠ፤ በዚያው ቀረ። ከዓመት በኋላ የጋሊና ደብዳቤ ደረሰው። «የሄድክ ዕለት እስከ ማግስቱ ጧት ካቆምካት ቦታ አልተነቃነቀችም፤ በገመድ ጎትተን ነው ያስገባናት» ይላል። ሲያነበው አዘነላት። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ደስም ብሎታል።

ዘንድሮ በጥቅምት፣ አስተማሪ የሆነችው የእህቱ ልጅ ሕሊና ስልኳን ይዛ መጣች። ጋሊና በስንት ፍለጋ በፌስቡክ አግኝታት ኖሯል። ቢያዝን መነጽሩን አድርጎ ሩሲያኛውን አነበበ። ዳማ ከሞተ ቆይቷል። እሜቴ ጡረታ የወጡ እንስሳት የሚጦሩበት ግቢ ናት፤ አርጅታለች፣ እግሯን ያማታል። በየቀኑ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከጋጣዋ በር ላይ ትቆምና አልገባም ትላለች። ዳቦም፣ ፖምም፣ ልመናም ተሞክሯል። «ቃሉን እኛ ብንለው አትሰማንም። ብርዱ ደርሷል፤ ውጭ ከቆመች አትከርምም። በስልክ አንተው በላት።»

ቢያዝን መጀመሪያ ቀን ወይፈን አለብኝ አለ። በማግስቱ በዓል ነው አለ። በሦስተኛው ቀን ኔትወርክ የለም አለ፤ ይሄኛው እንኳ እውነት ነበር።

እህቱ ሥራነሽ ምሳ አቅርባለት ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ወንድምዓለም፣ አንዲት ቃል ለመናገር ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ብያት ከገባችኮ፣ እታለም፣» አለ አንገቱን ደፍቶ፣ «ከእንግዲህ እኔን ብሎ የሚቆም ፍጡር የለም።»

ሥራነሽ አዘነችለት። ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም፤ ሃያ ዓመት የኖረው እዚያ ማዶ አለችኝ እያለ እንደሆነ ዛሬ ገና ገባት። ግን አፏ አይታገሥም። «አባባ በሬውን ቀንበር ላይ ትቶ እህል ቀምሶ ያውቃል?» አለችው።

ቢያዝን የቆረሰውን እንጀራ መልሶ መሶቡ ላይ አስቀመጠ። በማግስቱ ከሕሊና ጋር በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ዋይፋይ ያለው ሆቴል ጥግ ይዘው ሻይ አዘዙ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ጋሊና ብቅ አለች፤ ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። ሰላምታውን አላስረዘመችም፣ ስልኩን አዞረችው። እሜቴ በሩ ላይ ቆማለች። ቆዳዋ ተንጠልጥሏል፣ ግንባሯ ጎድጉዷል፣ አንዱን የኋላ እግሯን እያሳረፈች ትቆማለች።

«እሜቴ፣» አላት።

ጆሮዎቿ ተዘረጉ። ኩምቢዋን ወደ ስልኩ ላከች፣ አሸተተችው፣ መስተዋቱ በእስትንፋሷ ጨለመ። ቢያዝን የዚያን ገለባ ሽታ ያሸተተ መሰለው። ያሰበው ሁሉ ጠፍቶት ዝም ብሎ ያወጋት ጀመር፤ ስለ አባቱ ሞት፣ ስለ ወይፈኖቹ፣ አንድም እንደ እሷ ያለ አስተዋይ እንዳልገጠመው። እሷም ቆማ ሰማችው። እንዲህ ሆኖ ቢመሽ፣ እንዲህ ሆኖ ዓመት ቢሞላ ወደደ።

«ቢያዝን፣» አለች ጋሊና ከጎን፣ «እየበረዳት ነው።»

ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። ቀኝ እጁን ከፍ አደረገ።

«በቃሽ እሜቴ። ግቢ።»

ለጥቂት ጊዜ አልተነቃነቀችም። ከዚያ ኩምቢዋን ሰበሰበች፣ ያንን የሚያማትን እግሯን አነሣች፣ ቀጥ ብላ ሄደች። ጋሊና አለቀሰች። በሩ ተዘጋ፣ ስልኩም ተዘጋ።

የሆቴሉ አስተናጋጅ የተነሣውን እጅ አይቶ እየሮጠ መጣ። «ምን ልታዘዝ፣ አባቴ?»

«ምንም የለ፣ ልጄ፣» አለ ቢያዝን። እጁን ግን ማውረድ ረስቷል።

«ዞር ብላ እንኳ አላየችህም፣ ጋሼ» አለች ሕሊና።

«እንዲያ ነው ያስተማርኳት።»

ሕሊና የተሰቀለውን እጁን ቀስ አድርጋ አወረደችው። «በቃ ጋሼ፣ ቤት እንግባ። እማዬ ሳንመጣ እህል አትቀምስም።»

እሺ ብሎ ተከተላት። እሱን ግን እንዳይዞር ያስተማረው ሰው የለም፤ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ወደዚያ ባዶ ጠረጴዛ ዞሮ አየ።