የበርበሬ በረንዳው አውጫጭኝ

ባሌ በሽር ይኸው አጠገቤ ተቀምጦ ነጭ ሽንኩርት እየላጠ ያሾፍብኛል። ያሹፍ! እሱን ለማትረፍ ሙት ተነሥቷል፤ ለየትኛዋ ሴት ባል እንዲህ ተደርጎ ያውቃል? እኔ ደልቶኛል፣ አልሐምዱሊላህ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ጣልያን በወጣ በጥቂት ዓመት። በርበሬ በረንዳ ላይ ሃምሳ አለቃ ካሳ የሚባል ፖሊስ ነበረብን። ፖሊስ አልኩ እንዴ? ኮፍያ ያጠለቀ ጅብ ነው የነበረው። መደብርሽ ደጃፍ ቆሞ በርበሬሽን በጣቱ ይቀምስና «ይቺ ቤት ትላክልኝ» ይልሻል። አልልክም ያልሽ እንደሆነ ባልሽ ታስሮ ያድራል።

በሪሁን የሚባል ኩሊም ነበረን፣ ከላስታ የመጣ ጨዋ ሰው። አንድ ቀን ካሳ ከሰፈሩ የጨርቅ መጋዘን የአቡጀዲ ጣቃ ሰርቆ ሲያስጭን አየውና ለበሽር ሹክ አለው። ወሬው ካሳ ጆሮ ደረሰ፤ በሪሁን ታሰረ፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ያየ የለም። የኔ ግትር በሽርም በገበያ መሀል «ሰውየውን የት አደረስከው?» ብሎ ካሳን ያዘው። ካሳም ጃንሆይ ይሙት ብሎ ማለ፤ ፈትቼዋለሁ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ጠጅ ቤት ለጠጅ ቤት ይዞራል አለ። ያን ለት በሽር ላይ ጥርሱን ነከሰበት።

ብዙም ሳይቆይ የመጋዘኑ ጌታ አቡጀዲዬ ተሰረቀ ብሎ አመለከተ። ካሳ አውጫጭኝ ይቀመጥ አለ። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ሌባው እስኪወጣ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ስምህ ሲጠራ «አቤት» ብለህ ትነሣና የምታውቀውን በዳኛው ጆሮ ትናገራለህ። ዳኛው ማን እንደነገረው አያወጣም፣ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። አጅሬ ካሳ ወፎቹን አስቀድሞ አዘጋጅቷል፤ ሌባው በሽር ነው እንዲሉ። እንዲያ ከተባለ ባሌ ከርቸሌ ይወርዳል፣ እኔም ልጆቼን ታቅፌ እቀራለሁ። ያን ጠዋት በሽርን ተከትዬ ሜዳው ላይ ተቀመጥኩ።

ዳኛው ጋሼ ፈለቀ ናቸው፤ ደንብ ከምግብ የሚያስበልጡ ሽማግሌ። የካሳ አለቃ የሆነ አንድ መቶ አለቃም መጥቶ ነበር። ካሳ እሱ ፊት ሊታይ ፈልጎ፣ መጋዘኑን የረገጠ አንድም ሰው እንዳይቀር፣ ሁሉም በስሙ ይጠራ ብሎ አዘዘ። ጋሼ ፈለቀም ኩሊዎቹን አንድ ባንድ መጥራት ጀመሩ። በሪሁን ጋ ሲደርሱ ካሳን ቀና ብለው አዩት። ምን ይበል? ከተማ ውስጥ አለ ብሎ ምሏል። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል።

«ኩሊ በሪሁን» ብለው ተጣሩ።

«አቤት» አለ።

ከመሀላችን ነው የተነሣው። ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል፣ እሱ ግን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ ጭቃ ለብሶ ውሃ ያንጠባጥባል። አዑዙ ቢላህ ብዬ ሻሼን ነከስኩ። ማንም አልሮጠም። ከአውጫጭኝ የሸሸ ሌባው እሱ ነው ስለሚባል፣ ሁላችንም በያለንበት ተቀምጠን ቀረን። በሪሁን ቀስ ብሎ ሄደና ጋሼ ፈለቀ ጆሮ ላይ ጎንበስ አለ። የሳቸው ጢም ይርገበገባል፣ ግን እስከ መጨረሻው ሰሙት።

ይሄኔ ካሳ አበደ።

«አትስሙት! ሙት ነው! በገዛ እጄ ነው ወንዝ ዳር የቀበርኩት!»

መቶ አለቃው ካሳን ትክ ብሎ አየው። ጋሼ ፈለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ማን እንደነገራቸው ደንቡ ስለማይፈቅድ እንደማያወጡ፣ አቡጀዲው ግን በሃምሳ አለቃው ጓዳ እንዳለ ወፍ እንደነገረቻቸው ተናገሩ። ሄደው ፈተሹ፤ ተገኘ። ካሳን የራሱ ፖሊሶች አሰሩት። የገዛቸው ወፎችማ ስማቸው ሲጠራ ምንም አናውቅም ብለው ማሉ! በሽር ዕቅፌ ውስጥ ሲገባ ከደስታዬ ብዛት ትከሻውን መታሁት።

ጋሼ ፈለቀ አሰናበቱን። ሰው ሁሉ ተነሣ፤ በሪሁን ግን ቦታው ተመልሶ ተቀምጧል። ፈራ ተባ እያልኩ ተጠጋሁት፤ ባለውለታዬ ነዋ። ለምን እንደማይሄድ ጠየቅሁት።

«እትዬ ሁሪያ፣ ጋሼ ፈለቀ እዚህ መኖሬን ረስተው ነው፤ በስሜ ጠርተው በስሜ አላሰናበቱኝም» አለኝ።

ጋሼ ፈለቀ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «በሪሁን ልጄ፣ ተሰናብተሃል» አሉት።

ተነሥቶ ወደ ወንዙ ወረደ። እስላም ክርስቲያኑ፣ ገበያው እንዳለ ተከተልነው፤ ወንዝ ዳር ሲደርስ ከዓይናችን ተሰወረ፤ የተሰወረበትን ቦታ ስንቆፍር አስከሬኑን አገኘነው። ያኑ ዕለት ወግ ማዕረግ አግኝቶ ተቀበረ። ቃሬዛውን ከፊት የያዘው በሽር ነው፤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ እንቀይርህ ቢሉት ለማንም አልለቀቀም።