የጎደለችው ስድስት ሰከንድ

«ለቡድኑ አባላት በሙሉ፦ በጋራዡ ውስጥ የምትገኘው ባለሦስት እግር በርጩማ ከዛሬ ጀምሮ ‹የመንፈስ ጥንካሬ መቀመጫ› ተብላ መሰየሟን የምናበስረው በታላቅ ኩራት ነው። በላይዋ ብሎን፣ የዘይት ጨርቅም ሆነ ከተወዳዳሪያችን በቀር ሌላ ሰው ማስቀመጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው። ሥራ አስኪያጁ።»

በርጩማዋ ግን ከተሾመችም በኋላ በአንድ እግሯ ማነከሷን አልተወችም።

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ተወዳዳሪው ከእያንዳንዱ የመኪና እሽቅድድም በፊት እሷ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ዙር በሐሳቡ ይነዳል። እጁ መሪ ያዞራል፤ እግሩ ፍሬን ይረግጣል። የቡድኑ መካኒክ፣ ታላቅ ወንድሙ፣ ሰዓት ይይዝለታል። የሐሳቡ ዙርና የመኪናው ዙር በግማሽ ሰከንድ እንኳ ተበላልጠው አያውቁም። እኩዮቹ ልባቸው እየከዳቸው አንድ በአንድ ሲወጡ እሱን ያቆየው ይኸው ነበር።

«ብረቱ» የሚል ስም የወጣለት ግን አምና ነው፤ እዚሁ የመወዳደሪያ መም ላይ። አብሮት የሚወዳደረው ታናሽ ወንድማቸው ሰባተኛው መታጠፊያ ላይ ተገልብጦ መኪናው ሲነድ፣ ብረቱ ጭሱን ሰንጥቆ አለፈ። አንዴ አይደለም፤ ዘጠኝ ዙር። አንደኛም ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ታሪኩን ለአዳዲስ ተወዳዳሪዎች ማስተማሪያ አደረገው። እናታቸው ደግሞ ከዚያ ወዲህ ምሳ ስታቀርብለት ሳህኑን እንጂ ፊቱን አታይም።

ዛሬም ብረቱ ተቀመጠ፣ ጨፈነ፣ ነዳ። እጁን አነሳ።

መካኒኩ ሰዓቱን ሁለቴ አየው።

«ስንት ገባሁ፣ ወንድም ጋሼ?»

«ከወትሮው ስድስት ሰከንድ ቀደምክ።»

«ጎሽ! እርጅና ያፈጥናል ማለት ነው።»

«በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚፈጥን አላየሁም። ድገመው እስቲ።»

ደገመው። አሁንም ስድስት ሰከንድ ጎደለ። መካኒኩ በዚህኛው ዙር ሰዓቱን ትቶ የወንድሙን እጅ ነበር የሚያየው። ስድስተኛው መታጠፊያ ላይ እጁ ወደ ግራ ዞረ፤ ወዲያው ስምንተኛው ላይ ወደ ቀኝ። መሃሉ የለም።

«ሰባተኛውን ዘለልከው።»

«አልዘለልኩም።»

«ጨፍነህ ዝለለው፤ ማን ከለከለህ? አስፋልቱ ግን አይዘለልልህም። ዛሬ ይቅርብህ፣ በእማማ ሞት! ሁለተኛ ሬሳ አትችልም።»

ብረቱ ጓንቱን አጠለቀ።

ሥራ አስኪያጁ በበሩ ብቅ አለ። «ልብ እንዴት ነው፣ ብረቱ?»

«እንደ በርጩማዋ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ከት ብሎ ሳቀ። መካኒኩ አልሳቀም።

ውድድሩ ተጀመረ። ብረቱ ከፊት ሆኖ አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ እስከ ስድስተኛው መታጠፊያ ድረስ እንደ ቢላዋ ቆረጣቸው። ከዚያ ነዳጅ መስጫውን ለቀቀ፤ ሳር ላይ ወጥቶ ቆመ። የቀሩት መኪኖች እየጮኹ አለፉት። የራስ ቁሩን አውልቆ በእግሩ ወደ ሰባተኛው ሄደና፣ አስፋልቱ ዛሬም ጠቁሮ ከቀረበት ቦታ ዳር ተቀመጠ።

መካኒኩ ሰዓቱን ማቆም ረስቶ፣ እየሮጠ ደረሰና አጠገቡ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ እያለከለከ ተከተለ።

«ሞተሩ ነው?»

«ሞተሩ ደህና ነው።»

«ፍሬኑ ነው?»

«ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ሆንክ? ጋዜጠኞቹን ምን ልበላቸው?»

ብረቱ ከጥቁሩ አስፋልት ላይ ዓይኑን አላነሳም።

«ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ አልነግርህም።»