የእሜቴ ሻንሲ

የሹፌሩ ልጅ ካርቶን ታቅፋ የብየዳ ቤቱ በር ላይ ስትቆም፣ ታኮ የሰው መስኮት ሞርሳ ላይ አስሮ እየሞረደ ነበር።

«ጋሼ ታኮ፣ እስቲ ይቺን ነገር ይዩልኝ።»

አየላት። ካርቶኑ ውስጥ ያለው የመጫወቻ መኪና ሬሳ ነው፦ አራት ጥርሳም ጎማ፣ ሁለት አክስል፣ አውራ ጣት የምታህል ሞተር፣ ባትሪ፣ ደግሞ እንደ ሽጉጥ የሚጨበጥ ሪሞት፤ በጎኑ ትንሽ መሪ አለችው። ሩጫ የማታውቅ፣ ዝግ ብላ ቋጥኝ እንድትቧጥጥ የተሠራች መኪና ናት። የጎደላት ሻንሲ ነው፣ ሁሉ ነገር የሚታሰርበት አካሏ። የሥራ ባልደረባዋ ልጅ ሲጫወትባት ፕላስቲኩ ለሁለት ተሰነጠቀና ዕቃ ቤት ተጣለች፤ እሷም ለምና ወሰደቻት።

«አጥንት የሌለው ሥጋ ይዘሽልኝ መጣሽ እኮ» አለ ታኮ።

«አጥንቱን እርስዎ ይሥሩላታ። ለአባዬ ነው።»

ይህን ጊዜ ሞረዱን አስቀመጠ። አባቷ፣ አሮጌው ሹፌር፣ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እቅጩን ነግራቸዋለች፤ እጁ በየቀኑ ካልሠራ እንደተጨበጠ ደርቆ ይቀራል። እየጨበጡ እንዲለቁት የጎማ ኳስ ሰጠቻቸው። እሳቸው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? በደህናው እጃቸው በመስኮት ወርውረው የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ አሳረፉት። ምላሳቸውም ደህና ነው፣ መናገር ይችላሉ ብሏል ሐኪሙ፤ ግን ከ«እህ» እና ከ«ተዉኝ» ሌላ ቃል ከወጣቸው ከረመ። ያ ቁጣቸው ከሰፈር ጫፍ የሚሰማ ሰውዬ!

«ኳስ አልጨብጥም ቢል፣ መሪ እምቢ አይልም ብዬ ነው» አለች ልጅቷ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«በቃ ሂጂ፣ ለኔ ተይው። ለሳቸው ሻንሲ ካልሠራሁ ለማን ልሠራ ነው?»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ይህ ሰው ታኮ ተብሎ አልተወለደም፤ እናቱ ያወጣችለት ደህና ስም አለው፣ ግን በሱ ሲጠሩት ራሱም ቶሎ አይዞርም። ታኮ ማለት ጭነት መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ወደ ኋላ እንዳይሄድ ከጎማው ሥር የሚወሸቅ እንጨት ነው። ገና ጢሙ ማቀምቀም ሳይጀምር ለሹፌሩ ረዳት ሆኖ ገባ፤ የረዳት ሥራ ደግሞ ይኸው ነው። መኪናዋ ዳገት ላይ ስታቃስት ዘሎ ይወርዳል፣ እንጨቱን ተሸክሞ ከኋላ ከኋላ ይከተላል፣ ሹፌሩ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ታኮ!» ብለው ሲጮኹ ይወሽቃል። እንዲህ ሲጮኹ ኖረው ስሙ እሱ ላይ ቀረ።

አቤት ያ ዘመን! መኪናዋን «እሜቴ» ነበር የሚሏት፣ የራሷ ፈቃድ ስላላት። ጠዋት ጠዋት ሹፌሩ ኮፈኗን መታ መታ አድርገው «ተነሺ እሜቴ፣ ረፈደ» ይሏታል፤ እሷም አስላ አስላ ትነሣለች። ታኮ ከጭነቱ በላይ ሸራው ላይ በጀርባው ተጋድሞ ይሄዳል። ሰማዩ፣ የዛፉ ቅርንጫፍ፣ የናፍጣው ሽታ፣ ከታች ከጋቢናው የሚሰማው የሹፌሩ ፉጨት። ዳገቱ ሲያልቅ ጫፍ ላይ ያቆሙና ከአንድ ኩባያ ሻይ ይጠጣሉ፤ መጀመሪያ የሚሰጡት ለረዳታቸው ነው። ሌላው ሹፌር ረዳቱን በጥፊ ሲያጮል፣ እሳቸው ይሳደባሉ እንጂ እጃቸውን አንሥተውበት አያውቁም። ስድባቸውስ ቢሆን! ሰው ሊሰማ ይሰበሰብ ነበር። ዛሬ ታኮ የራሱ ብየዳ ቤት አለው፣ ፀጉሩም ገብስማ ሆኗል። ግን አሁንም ከሩቅ መኪና ዳገት ላይ ሲያቃስት ከሰማ እግሩን ዝለል ዝለል ይለዋል።

ወደ ሻንሲው እንመለስ። መጀመሪያ ያሰበው ብረት ነበር። በእጁ መዘነውና ተወው፤ ያቺ ጭራሮ ሞተር ይህን ተሸክማ የትም አትደርስም። እንጨት ሞከረ፣ ብሎኑ ይላላል። በመጨረሻ ከአሮጌ መስኮት የተረፈ አሉሚኒየም አገኘ፤ ቀላል ነው፣ ግን አይልፈሰፈስም። ሁለት ወራጅ ቆረጠና መሰላል አስመስሎ በአግዳሚ አያያዛቸው። ባትሪውን ዝቅ አድርጎ ወደ ፊት አሰረው፤ ዳገት የሚወጣ ነገር ክብደቱ ከታችና ከፊት ካልሆነ በጀርባው ይገለበጣል። ይህን ያስተማረችው እሜቴ ናት። ከዚያ ልኬት ገባ። በስኳድራ ለካ፣ በክር ለካ፣ መስታወት ላይ አስቀምጦ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ። የፀጉር ያህል እንኳ አልተዛነፈም። ዘመኑን ሙሉ የሠራው በርና መስኮት እንዲህ ቀጥ ብሎለት አያውቅም፣ ደንበኞቹ ይመስክሩ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ይዞላቸው ሄደ። ሹፌሩ ጓሮ በረንዳው ላይ፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል፤ ፊት ለፊታቸው ከአጥር ሥራ የተረፈ የድንጋይ ክምር አለ። ታኮ መኪናዋን ክምሩ ሥር አቆማት። ሹፌሩ ጎማዋን አዩ፣ ሻንሲዋን አዩ፣ «እህ» አሉ፤ ግን ይሄኛው «እህ» እንደ ወትሮው አልነበረም። ሪሞቱን በግራ እጃቸው አስያዟቸው፤ ልጅቷ የቀኙን ጣቶች አንድ በአንድ አላቃ መሪዋ ላይ አሳረፈችላቸው።

መኪናዋ ተነሣች። ተነሥታም ወደ ቀኝ ታጠፈች፣ ከድንጋዩ ወደቀች። ታኮ አነሣት። እንደገና ወደ ቀኝ። አሁንም ወደ ቀኝ። «ቀጥ አድርገው አባዬ፣ ቀጥ» ትላለች ልጅቷ፤ እጃቸው ግን መሪዋን ወደ ቀኝ ያዝ እንዳደረገ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ሪሞቱን ጉልበታቸው ላይ ጣሉት።

«ተዉኝ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሚስታቸው፣ እትዬ፣ ታኮን እስከ በር ሸኙት። «አንተ ምን ታደርግ ልጄ፣ መኪናህስ ጥሩ ነበረች። እጁ ነው እንጂ፣ እጁ ሞቷል» አሉትና በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ታኮ ብየዳ ቤቱ ገብቶ መኪናዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ያ እጅ ዓይኑ ላይ ቀረ። አይንቀጠቀጥም፣ አይዝልም፣ ወደ ቀኝ ያዝ ብቻ። ይህን አያያዝ የት ነው የሚያውቀው?

«ወይ ጉድ!» ብሎ ተነሣ። «እጁ የት ሞተ! እሜቴን እኮ ነው የሚነዳው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ክረምት ጭቃ ዳገት ላይ፣ ሹፌሩ «ታኮ!» አሉ፣ ልጁ ወሸቀ፣ እንጨቱ በጭቃው ላይ ተንሸራተተ፣ ልጁም አብሮ ተንሸራቶ ከኋላ ጎማው ሥር በጀርባው ወደቀ። ፍሬኑ አልያዘም። እሜቴ ከነጭነቷ ወደ ኋላ መጣችበት። ሹፌሩ መሪዋን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው ቂጧን ከመንገድ ዳር ቋጥኝ ጋር አላተሟት፤ ጎማው የልጁ ጆሮ አጠገብ ቆመ። ልጁ ተረፈ፣ ሻንሲው ተጣመመ። መካኒኩ በእሳት አሙቆ፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ «አቀናሁት» አለ፤ አልቀናም። እሜቴ ከዚያን ቀን ጀምራ እስክትሸጥ ድረስ ወደ ግራ እንደጎተተች ኖረች፣ ሹፌሩም መሪዋን ትንሽ ወደ ቀኝ እንደያዙ ኖሩ። ቀጥ ያለ የሰው መኪና ሲነዱ የቀኙን ጠርዝ እየላጉ መሳቂያ ይሆኑ ነበር። አንድም ቀን ግን «በአንተ የተነሣ ነው» ብለውት አያውቁም።

ታኮ ያን ቀጥ ያለ ሻንሲ ሞርሳው ላይ አሰረ። መዶሻውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው። የገዛ ሥራን ማጣመም የገዛ ልጅን እንደ መቆንጠጥ ነው። ጎረቤቱ ጫማ ሠሪ በበሩ ብቅ አለ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ጠማማ ሻንሲ እየሠራሁ።»

«እሱንማ መች አጣኸው! የሠራህልኝ በር እስካሁን አልገጠመም።»

ታኮ እየሳቀ ግራውን ወራጅ መታው። መታና ለካ፣ መታና ለካ፣ ትንሽ እስኪጎብጥ ድረስ። ከዚያ ወለሉ ላይ አውርዶ መሪዋን ሳይነካ ነዳት። እንደ ሰከረ ሰው ወደ ግራ ወደ ግራ አለች።

«እንዴት ከረምሽ እሜቴ» አላት።

በማግስቱ ሹፌሩ እምቢ አሉ። «አንዴ ብቻ ጋሼ፣ ካልሆነ እኔው ራሴ እንደ ኳሷ በመስኮት እወረውራታለሁ» አላቸው ታኮ። እትዬ ሳቁ። ሹፌሩ ለሳቁ ሲሉ ይሁን ለሌላ፣ ሪሞቱን ያዙ። ቀኝ እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ ያዝ አደረገ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች።

ሹፌሩ ከወንበራቸው ቀና አሉ። ጎማዋ የመጀመሪያውን ድንጋይ ነከሰ፣ አካሏ ተንጋደደ፣ ወጣች። ሁለተኛውን ደገመች። ሹፌሩ ሻንሲውን አዩ፣ ታኮን አዩ፣ ደግመው ሻንሲውን አዩ።

«እሜቴ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ልጅቷ ግራ ገብቷት ወደ እናቷ ዞረች። እትዬ ግን ገብቷቸዋል፤ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

ጫፍ ላይ ያለው ድንጋይ ልሙጥ ነው። መኪናዋ እኩሌታው ላይ ስትደርስ ጎማዋ በከንቱ ይሽከረከር ጀመር፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ልምጣ! ታኮ በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ወገቡ፣ ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ ተንበረከከ፤ ጠጠር አንሥቶ ከኋላ ጎማዋ ሥር ሊወሽቅ እጁን ሰደደ። መኪናዋ የድመት ግልገል ያህል እንኳ አትከብድም። ጣቱ ላይ ብትወጣበት ምንም አታደርገውም፤ ይህን እሱም ያውቃል፣ ሁሉም ያውቃል።

የሹፌሩ እጅ ግን አያውቅም። ሞቷል የተባለው ቀኝ እጅ መሪዋን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው። መኪናዋ ቂጧን ከጎን ድንጋይ ጋር አላትማ ተገለበጠች።

«አንተ ደደብ!» ጓሮው ተናወጠ። «ስንት ጊዜ ልንገርህ ከጎማ ኋላ አትግባ ብዬ! ብትሞትብኝ ለእናትህ ምን ብዬ ልንገራት? እ? ምን ብዬ?»

የታኮ እናት ከሞተች ስንት ዘመኗ። ሹፌሩ እንደ ዱሮው በቀኝ እጃቸው ጣት እየጠቆሙበት ነበር፤ ጣቱ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ተዘርግቷል።

«ተሳደበ!» አሉ እትዬ። «ልጄ፣ ሰማሽ? አባትሽ ተሳደበ!» ልጅቷ የአባቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች።

ታኮ እንደተንበረከከ ነው። እንባው በገብስማ ጢሙ ላይ እየወረደ «ሁለተኛ አልገባም ጋሼ» አለ፤ ያን ጊዜም ጭቃው ላይ ሆኖ ያለው ይህንኑ ነበር። ከዚያ መኪናዋን አንሥቶ አገላብጦ አያት። «ባሰበት፣ ደግሞ ተጣሟል። ወስጄ ላቅናው?»

«እንዳትነካው» አሉ ሹፌሩ።

እትዬ ሻይ ይዘው መጡ፤ በድንጋጤ አንድ ኩባያ ብቻ ነበር የቀዱት። ሹፌሩ በዚያ በሚንቀጠቀጥ ቀኝ እጃቸው ገፋ ገፋ አድርገው መጀመሪያ ወደ ረዳታቸው አስጠጉለት።