ቤተሰብ ይግባ

ሜቲ የቴሌቪዥኑን ሶኬት ከግድግዳው መንጭቃ ነቀለችው።

"ምነው? ሴትዮዋ ልትናገር ስትል!" አሉ አባቷ ጋሽ ዋቅወያ ከሶፋው ላይ።

"ይሄ ድራማ በሽተኛ ፊት አይታይም!"

ድራማው ላይ ያለችው ሴት ካንሰርሽ አይድንም ተብላ፣ "ሕክምናው ይብቃኝ፣ ቤቴ ልሙት" እያለች ነበር። ነቀምቴ በሙሉ ለሷ ያለቅሳል። ሜቲ ግን ደሟ ፈላ። ሞት በምርጫ ነው እንዴ? ያውም ከንፈሯን ተቀብታ! ሐኪሙ የአባቷን የአንጀት ካንሰር የነገረው ለሷና ለወንድሟ ለሞሲሳ ነው። ለሳቸው "ጨጓራ ነው" ተባለ። ወጉ እንዲህ ነው፤ በሽተኛ ክፉ አይሰማም። ጎረቤቱም፣ የጸሎት ቡድኑም ያውቃል። እሳቸው ብቻ አያውቁም።

"ኢንተለ ኮ፣" አሉ አባቷ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "በጨጓራ መድኃኒት ፀጉር ይረግፋል ብዬ ነው ያን ሁሉ ዘመን ሳይንስ ያስተማርኩት?"

ሜቲ ሶኬቱን እንደያዘች ዞረች።

"ይቺን ሴትዮ የማያት ሞቷ አምሮኝ መሰለሽ? ሐኪሟ ዓይኗን እያየ ስለሚያናግራት ነው! እኔን ማን ጠየቀኝ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እናንተ የኔኑ ከኔው ደበቃችሁት! ጎረቤታችን ጉደታ እንኳ አጠገቤ ተቀምጦ ያለቅስና 'ጉንፋን ይዞኝ ነው' ይለኛል። ውሸታም ሁላ!"

"ልብዎ እንዳይሰበር ብለን ነው፣ አባ።"

"ልቤን ተዪልኝ!"

ተናደደች። በሳቸው፣ በሞሲሳ፣ በዚያች ቀብራራ ተዋናይ። ከሁሉም በላይ በራሷ። ሶኬቱን መልሳ ሰካችና በረንዳ ላይ ወጥታ አለቀሰች።

በማግሥቱ አባቷ ለኦፕራሲዮን አዲስ አበባ ይላኩ አይላኩ ሊወሰን ከሞሲሳ ጋር ሆስፒታል ሄዱ። ነርሷ በሩን ከፍታ እንደ ወትሮው ተጣራች።

"የአቶ ዋቅወያ ቤተሰብ ይግባ! አባባ፣ እርስዎ እዚሁ ይቆዩ።"

ሞሲሳ ብድግ አለ። ሜቲ የጃኬቱን እጅጌ ጨምድዳ ያዘችው።

"ቁጭ በል!"

"አበድሽ እንዴ? ቢሰሙ እዚሁ ይወድቃሉ!"

"ከወደቁ እናነሳቸዋለን። እሳቸው ራሳቸው ይጠየቁ!"

አባቷን ደግፋ አስነሳቻቸውና በሩ ድረስ አደረሰቻቸው። ጋሽ ዋቅወያ ራሰ በራቸውን የሸፈኑበትን ቆብ አውልቀው አስያዟትና ገቡ። ሜቲ በሩን ከውጭ ዘጋች፤ ወንድሟ እንዳያልፍ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመችበት።